እጅ የሚያውቀው ልክ

ይርጋጨፌ ውስጥ በብየዳ የሚተዳደር ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው በቡና ነው። ጥቅምት ገብቶ እሸቱ መቅላት ሲጀምር ከየቡና ማጠቢያ ሳይቱ የሚመጣው ሰው ደጃፋችንን ያጣብበዋል። የአንዱ መፈልፈያ ኩሽኔታ ጮኋል፣ የሌላው ቺንጊያ ተበጥሷል፣ የማድረቂያ አልጋ እግር ተሰብሯል፣ እሸት የሚገለበጥበት የሆፐር ላሜራ በዝገት ተበልቷል። ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ በያጁም ከሳይቱ ሠራተኛ ጋር አብሮ ያመሻል፣ አንዳንዴም አብሮ ያነጋል። ጥር ካለፈ በኋላ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ በርና መስኮት ብቻ ይቀራል። ኮምፒውተር ላይ ዲዛይን መሥራት የተማርኩት በእነዚህ ቀዝቃዛ ወራት ነው፣ ዕድሜዬ አርባን ካለፈ በኋላ።

ሙያውን ያስተማሩኝ አለቃዬ ዲላ ውስጥ ትንሽ ብየዳ ቤት ነበራቸው። ግድግዳው ላይ ከካርቶን የተቆረጡ ፎርማዎች በሚስማር ተሰቅለው ይታዩ ነበር፤ አንዱ ለሆፐር፣ አንዱ ለጭስ መውጫ፣ አንዱ ለአሸንዳ። ሜትር ቢኖራቸውም አብልጠው የሚያምኑት በቢላ ምልክት ያደረጉበትን በትር ነበር። ሆፐር ስንሠራ “ከቁመቱ አራት ጣት ጨምረህ ቁረጥ” ይሉኛል። ለምን አራት ጣት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ አለቃን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ቆርጠን ስንገጥመው ልክ ይመጣል። ልክ ከመጣ ደግሞ ሌላ ምን ይጠየቃል?

የራሴን ቤት ስከፍት እኔም ረዳቶቼን ያስተማርኩት በዚያው መንገድ ነው። “እጄን እያችሁ ተማሩ” እላቸዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ ዘንድ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፤ አንዳንዱን ሆን ብዬ አላሳየኋቸውም። ፎርማ ላይ ልክ ሳሰምር ጀርባዬን የምሰጥበት ጊዜ ነበር። በእኛ ከተማ ብየዳ ቤት ለመክፈት ማሽንና ግሪንደር፣ ሲቻልም ጀነሬተር ይበቃል። ልኩን በእጁ ያስገባ ረዳት ነገ ከመንገዱ ማዶ ቤት ቢከራይ ደንበኛዬ ወዴት እንደሚሻገር እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ልጆች አስተምራለሁ፤ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ። ፍርሃቴ ባዶ ፍርሃት አልነበረም፤ ግን ከባድ ነበር፤ አብሮኝ ውሎ አብሮኝ ያድር ነበር።

ኮምፒውተሩን ያመጣልኝ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። ለክረምት እረፍት ሲመጣ የቆየ ላፕቶፑን ይዞ መጣና ፍሪካድ የሚባለውን ፕሮግራም ጫነበት። “ጋሼ፣ ይሄኛው በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅዎትም፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል” አለኝ። በየኮምፒውተር ቤቱ ክራክ ተደርገው የሚገለበጡትን ውድ ፕሮግራሞች መጫን ይችል ነበር። እሱ ግን በሰው ንብረት ሳይሆን በሕጋዊ ነገር እንድጀምር ፈለገ፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ፍሪካድን እ.ኤ.አ. በ2002 መሥራት የጀመሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ያሉ ባለሙያዎች እየተቀባበሉ አሳደጉት። ዕውቀቱን ለማንም በነፃ የሚሰጥ ሰው በዓለም ላይ እንዲህ በብዛት መኖሩ ያን ሰሞን ልቤ ውስጥ ገብቶ ቀረ። የዚያን ጊዜ ለምን እንደከነከነኝ ለራሴ እንኳ አልነገርኩም።

የመጀመሪያው ትምህርት አራት ማዕዘን መሳል ነበር። ሃያ ዓመት ላሜራ የቆረጠ ሰው አራት ማዕዘን ምን ያቅተዋል ብዬ ተቀመጥኩ። ማውሱን ጎትቼ ሳልኩት። ልጁ “አሁን ጥጉን ይዘው ይጎትቱት” አለኝ። ስጎትተው ቅርጹ እንደ ፈለግሁት ሰፋ፣ ጠበበ፣ ከቦታው ተነስቶም ሄደ። ስክሪኑ ጎን ላይ 4 ነፃነት እንደቀረው ተጽፏል፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ወደ ጎን ያለበት ቦታና ወደ ላይ ያለበት ቦታ አልተነገሩም ማለት ነው። ርዝመቱን ጻፍኩ፣ ወደ 3 ወረደ። ስፋቱን ጻፍኩ፣ ወደ 2 ወረደ። አንዱን ጥግ ከመነሻ ነጥቡ ጋር ሳስረው ነጭ የነበረው መስመር በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብጎትተው፣ ብገፋው አልነቃነቅም አለ።

ያ አረንጓዴ ቀለም ብዙ አስተማረኝ። ላሜራ ፊቴ ሲዘረጋ ብዙው ነገር ሳልናገረው የተነገረ ነው፤ ላሜራው የት እንዳለ አያለሁ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ መሆኑን እጄ ያውቃል፣ የጎደለውን ዓይኔ ይሞላዋል። ኮምፒውተሩ ግን ከእኔ ያልሰማውን ነገር ከራሱ አይጨምርም። ሁለት መስመሮች ለእኔ እኩል ስለመሰሉኝ እኩል ናቸው ብሎ አይቀበልም፤ እኩል ናቸው ብዬ መንገር አለብኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሰው ቀርቦልኝ አያውቅም። ረዳቶቼ እንዳይጠይቁኝ ያደረግሁት እኔ ነበርኩ፤ አለቃዬንም አልጠየቅኋቸውም።

ልጁ የነገረኝን የዚህን አሠራር ታሪክ ኋላ ላይ እኔም ፈልጌ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ ወጣት አሜሪካ በሚገኘው ኤም አይ ቲ ለዶክትሬቱ ስኬችፓድ የሚባል ፕሮግራም ሠራ። በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር ይሰመራል፤ ከዚያ መስመሮቹ ጎን ለጎን እኩል እንዲሄዱ ወይም ርዝመታቸው አንድ እንዲሆን ይታዘዛሉ። እኔ በአርባዎቹ ዕድሜዬ ያገኘሁት ገደብ የመስጠት አሠራር ከመወለዴ በፊት ተሠርቶ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1982 የወጣው አውቶካድ የንድፍ ሥራን ተራ ሰው በሚገዛው ኮምፒውተር ላይ አወጣው፤ የቲ ማስመሪያውንና የቀለም ብዕሩን ቦታ ቀስ በቀስ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣው ፕሮ ኢንጂነር ደግሞ ቁጥሩ ሲቀየር ቅርጹ ራሱ የሚከተልበትን መንገድ በፋብሪካዎች ዘንድ አስለመደ። አሁን ፍሪካድም ሶሊድወርክስም የሚሄዱት በዚያ ጎዳና ነው።

ጀማሪ ለሆነ ሰው እዚህ ላይ የማምንበትን ልናገር። የቤት ፕላን ለመሥራት የሚፈልግ ሰው አውቶካድ ይማር፤ ማዘጋጃ ቤቱም አማካሪውም የሚቀባበሉት በእሱ ፋይል ነው። ብረት የሚቆርጥ፣ እንጨት የሚያገጣጥም፣ ማሽን የሚጠግን ሰው ግን ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት ባለው ነገር ይጀምር። ከሁሉም በላይ ደግሞ በራሱ እጅ ሠርቶ በሚያውቀው ዕቃ ይጀምር። የትምህርት ቪዲዮዎቹ የሚያሠሩትን የቡና ስኒና የመጫወቻ ጡብ ሠርቼ ነበር፤ ትእዛዙን አለመዱኝ፣ ልቤን ግን አልያዙትም። ልቤን የያዘው ሆፐር ነው።

ሆፐር ስል መፈልፈያው ላይ የሚቀመጠውን፣ እሸቱ ከላይ የሚገለበጥበትን ባለ ሰፊ አፍ ዕቃ ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ የምሠራው የላይ አፉ 80 በ80 ሳንቲ ሜትር፣ የታች አፉ 20 በ20፣ ቁመቱ 60 የሆነውን ነው። ስክሪኑ ላይ ትልቁን አራት ማዕዘን ከላይ፣ ትንሹን ከታች አድርጌ ሎፍት በሚባለው ትእዛዝ አገናኘኋቸው። ከዚያ አንዱን ጎን ከላይኛው ጠርዝ መሃል እስከ ታችኛው ጠርዝ መሃል ለካሁት። 67 ሳንቲ ሜትር ከጥቂት አለ። ቁመቱ 60 ሆኖ ላሜራው 67!

እጄን ላፕቶፑ አጠገብ ዘርግቼ አራት ጣቴን ለካሁ። ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው።

የአለቃዬ አራት ጣት ከየት እንደመጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጎኑ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ከላይ ወደ ታች እየጠበበ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ያጋደለው ላሜራ ከቁመቱ ይረዝማል፤ 60 በ60 ተባዝቶ፣ 30 በ30 ተባዝቶ፣ ሁለቱ ተደምረው ስኩዌር ሩታቸው ሲወጣ 67 ይሆናል። ስምንተኛ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማርኩት የፓይታጎረስ ሕግ ነው። አዲስ ረዳት ሁሉ ላሜራውን 60 አድርጎ ይቆርጥና ሲገጥመው ቁመቱ ወደ 52 ወርዶበት ግራ ይገባዋል፤ ያንንም ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው። አራት ጣት የሚሠራው ግን ለዚያ ሆፐር ብቻ መሆኑንም አየሁ። ቁመቱን 90 ባደርገው የሚጨመረው ከአምስት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። አፉን 120 አድርጌ ቁመቱን 60 ላይ ብተወው ደግሞ 18 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። አለቃዬ በሌላ መጠን ሲታዘዙ አዲስ ካርቶን ቆርጠው፣ አጥፈው፣ ደግመው የሚደክሙት ለዚህ ነበር። ልካቸው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን አብሮት አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም ማዕዘኖች መለካት ጀመርኩ። የሆፐሩ ጎን ከወለሉ ጋር 63 ዲግሪ ያህል ይሠራል፤ ሁለት ጎኖች የሚገጥሙበት ጥግ ግን ወደ 55 ዲግሪ ይወርዳል። ጥጉ ከጎኑ ይልቅ የተኛ ነው። ይህን ስክሪን ላይ ሳይ ሁልጊዜ የማየው አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሳይት ላይ ሆፐር አጠገብ የሚቆም ሰው ሁሌም ዱላ ይይዛል። ሄጄ ጠየቅሁ። በዚያ ሥራ ብዙ የቆየች አንዲት ሴት “ጥጉ ላይ ነው የሚቀረው፤ በተለይ ማታ ማታ እሸቱ ሲያጣብቅ ካልገፋነው አይወርድም” አለችኝ። እሷ ለዓመታት በክንዷ ስትለካው የኖረችውን ልዩነት እኔ ያን ቀን በዲግሪ ይዤው ነበር የመጣሁት። ስለ ሆፐር ከእሷ ጋር ስናወራ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ለበርካታ ምሽቶች ቁጥሮቹን እየቀያየርኩ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ ውስጥ ባለው ሰንጠረዥ የላይ አፍ፣ የታች አፍና ቁመት ብዬ ሦስት መስመር ጻፍኩ፤ አንዱን ስነካ ቅርጹ በሙሉ ይከተላል። የላይ አፉን ከ80 ወደ 67 አጥብቤ ቁመቱን ወደ 81 ሳሳድገው የሚይዘው መጠን አልተለወጠም፤ በፊትም አሁንም 168 ሊትር ያህል ነው። ጥጉ ግን ከ55 ወደ 68 ዲግሪ ገደማ ቆመ። ከዚህ በላይ ያስደሰተኝ የላሜራው ነገር ነው። ገበያ ላይ ያለው ላሜራ 1 ሜትር በ2 ሜትር ነው። በድሮው ልክ አራቱን ጎኖች አንዱን ቀና፣ አንዱን ገልበጥ አድርገን ብንደረድራቸው 230 ሳንቲ ሜትር ይፈጃሉ፤ ሦስቱ ከአንድ ላሜራ ይወጡና ለአራተኛው ሌላ ላሜራ ይከፈታል። በአዲሱ ልክ አራቱም 197 ተኩል ላይ ያልቃሉ፤ በአንድ ላሜራ ውስጥ ገብተው ለግሪንደሩ መንገድ እንኳ ይተርፋል። የብረት ዋጋ እንዲህ በናረበት ዘመን ይህ ለደንበኛውም ለእኔም ትልቅ ነገር ነው። የሚጨመረውም ከአራት ጣት ወደ ሁለት ጣት ወረደ።

ንድፉን አትሜ ሳይት ስወስደው ጆንያ የሚያነሱት ወጣቶች ተሰብስበው አዩት። አንደኛው ወረቀቱን ሳይሆን ማሽኑን እያየ “ጋሼ፣ አፉ በ21 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው? እዚያ ድረስ እኮ የምናነሳው እኛ ነን” አለ። ዝም አልኩ። ንድፌ አረንጓዴ ነበር፤ አንድም ነፃነት አልቀረውም። የዚያ ልጅ ትከሻ ከፍታ ግን ሰንጠረዡ ውስጥ አልተጻፈም። በማግስቱ አራተኛ መስመር ጨመርኩ፤ ከመቆሚያው እስከ ሆፐሩ አፍ ያለው ከፍታ። ሆፐሩን ዝቅ ማድረግ ስለማይቻል መቆሚያውን ከፍ ማድረግ ነበረብን፤ ከቱቦላሬ ሰፊ መወጣጫ በየድንለት። መወጣጫው ከላሜራው ያተረፍነውን ገንዘብ አብዛኛውን በላው። ቢሆንም ሥራው ያማረው በመወጣጫው ነው እላለሁ፤ በዝናብ ጊዜ እንዳያንሸራትት የሚረግጡበትን ወለል በብየዳ ነጠብጣብ ሻካራ ያደረገው ትንሹ ረዳቴ ነበር።

ስለ ፕሮግራሙ አንድ የሚያስቸግር ነገርም ልንገራችሁ፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ከበፊቱ ሥራ ላይ ይቆማል። ሆፐሩ ላይ የቡሎን ቀዳዳ አወጣሁ እንበል፤ ቀዳዳው የቆመው ጎኑ ላይ ነው፣ ጎኑ የቆመው የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ላይ ነው። ተመልሼ አራት ማዕዘኑን ስነካ ላዩ ያለው ሁሉ ይነቃነቃል። በቀደሙት የፍሪካድ ቅጂዎች ቀዳዳው ያለ ቦታው ሄዶ ሌላ ጎን ላይ የሚታይበት ጊዜ ነበር፤ በኅዳር 2017፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 1.0 የተባለው ቅጂ ይህን ችግር በብዙ አቃልሎታል። ሥራው አንዱ በሌላው ላይ የመቆሙ ነገር የገባኝ የአካባቢያችንን የጌዴኦን ማሳ ሳስብ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡናው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ አድርጎ የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው። እዚህ ያደገ ሰው ዋንዛ ከመቁረጡ በፊት ከሥሩ ማን እንደተጠለለ ያያል። እኔም ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ከመንካቴ በፊት በእሱ ላይ የቆመው ምን እንደሆነ ማየት ለመድኩ። ንድፍ ስጀምርም የማይለወጠውን ነገር መጀመሪያ አስቀምጣለሁ፤ ለሆፐር የማይለወጠው የመፈልፈያው አፍ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይነሳል።

ሌላው የጀማሪ ጣጣ በልምድ ያልፋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሥራ እንዳይጠፋ ቶሎ ቶሎ ሴቭ ማድረግ፣ ሁሉንም ቁጥር በሚሊ ሜትር መጻፍ፣ ትእዛዞቹን ደብተር ላይ በራስ አባባል ማስፈር። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

ወደዚያ ፍርሃቴ ልመለስ። ክረምቱ ሲያልቅ ትልቁ ረዳቴ ፍላሽ ይዞ መጣና “ጋሼ፣ የሆፐሩን ፋይል ልገልብጠው?” አለኝ። የጠየቀኝ በትሕትና ነው፤ እኔ ግን ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ካርቶን ቢሆን ጀርባዬን ሰጥቼው ልቆርጥ እችል ነበር። ፋይሉ ውስጥ ግን ልኬ ብቻ ሳይሆን የልኩ ምክንያት ሁሉ ተጽፏል፤ የታች አፉ ለምን 20 እንደሆነ፣ ጥጉ ለምን ከ60 ዲግሪ በታች እንደማይወርድ፣ መቆሚያው ለምን እዚያ ላይ እንዳለ። ፍላሹን ተቀብዬ ገለበጥኩለት። ጀግንነት ተሰምቶኝ አይደለም፤ እጄ እየከበደኝ ነው የሰጠሁት።

ከሳምንታት በኋላ ይኸው ረዳቴ ከቡና ገበሬዎች ዩኒየን አባል ማኅበራት በአንዱ ያየውን ሌላ ዓይነት መፈልፈያ አፍ ለክቶ መጣ። ወርዱና ርዝመቱ እኩል አይደለም። የታች አፉን ቀይሮ፣ አራቱ ጎኖች ሁለት ሁለት ሆነው እንደተለያዩ አሳየኝ። እዚያ ላይ የእኔ ሰንጠረዥ አይበቃውም ነበር፤ እሱ ግን ራሱ አንድ መስመር ጨምሮበታል። ስለ ሥራችን ተቀምጠን እንደ ሁለት ባለሙያ ያወራነው ያን ቀን ነው። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ያለ ወግ እንደናፈቀኝ አላውቅም ነበር። ወደፊት የራሱን ቤት ይከፍት ይሆናል፤ ቢከፍት ያሳስበኛል፤ አሁንም አልዋሽም። ግን የሚያሳስበኝና ደስ የሚለኝ አብረው መኖር እንደሚችሉ አይቻለሁ።

ዲላ ስወርድ አለቃዬን ጎበኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ላፕቶፑን ጠጋ አድርጌ ሆፐሩን እያዞርኩ አሳየኋቸው፣ የአራት ጣቱንም ምክንያት በወረቀት ላይ ሠርቼ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። “እኔም ተነግሮኝ ነው እንጂ ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር” አሉኝ። ቆየት ብለው ወረቀቱን ተቀበሉኝና ለቁመቱ 45፣ ወደ ውስጥ ለሚገባው 20 ሰጥተው “ለዚህስ ስንት ይጨመራል?” ብለው ጠየቁኝ። አብረን አሰላነው፤ አራት ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ይሆናል። ሁለት ጣታቸውን አንስተው አሳዩኝ።

ዘንድሮ የያዝነው ሥራ ከበድ ይላል፤ ከላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ክብ ቱቦ የሚወርድ ሆፐር ታዘናል። አራት ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘኖችና በየጥጉ የተቆረጠ ሾጣጣ ቁራጭ አለው፤ ሾጣጣውን ላሜራ ላይ ዘርግቶ ማሳየት ገና አልሆነልኝም። የእህቴ ልጅ በስልክ ይረዳኛል፣ ረዳቶቼም ማታ ማታ በየተራ ይሞክራሉ። ንድፉ ሳያልቅ ግን አንድ ሥራ እናስቀድማለን፤ ሰኞ ከሁለቱም ረዳቶቼ ጋር ሳይቱ ሄደን ጆንያ የሚያነሱትን ሰዎች የትከሻ ከፍታ እንለካለን። የሰንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር በዚያ ቁጥር ይሞላል።